የቸርኬ መልክና የቸርኬ ልክ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




በአማርኛ «ልክ» የሚለው ቃል ሁለት ጉዳይ በአንድነት ይዟል። አንደኛው መጠን ነው፤ የልብስ ልክ፣ የጫማ ልክ እንደሚባለው። ሁለተኛው ትክክለኛነት ነው፤ «ልክ ነው» ተብሎ እንደሚመሰከረው። ለስፖርት ኩፔ መኪና ከፋብሪካው ውጭ የተሠራ ቸርኬ የመምረጥ ጉዳይም ከዚህ ቃል አይወጣም። ባለንብረቱ ቸርኬውን የሚመርጠው በመልኩ ነው፤ መኪናው ግን የሚቀበለው በልኩ ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ቆሞ የሚፈርደው ባለሙያው ነው።

መልክን መውደድ የሚያስነቅፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ዓ.ም. ቡጋቲ ታይፕ 35 የተባለው የእሽቅድምድም መኪና ከአሉሚኒየም ቀልጦ በተጣለ ቸርኬ ላይ ቆሞ በታየ ጊዜ፣ ስምንቱ ጠፍጣፋ ክንዶቹ የተመልካችን ዓይን ስበው ነበር። ይሁን እንጂ ቸርኬው የተሠራው ለዓይን ብቻ አልነበረም። የፍሬኑን ከበሮ ከራሱ ጋር አዋሕዶ ይዞ ነበርና፣ ውበቱ ከአገልግሎቱ የተወለደ ነበር። ዛሬ የሚታየው ችግር ነገሩ የተገላቢጦሽ ሲሆን ነው፤ ይኸውም ውበቱ አስቀድሞ ተገዝቶ፣ አገልግሎቱ በኋላ እንዲከተለው ሲገደድ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ቶዮታ 86 የተባለውን ኩፔ መውሰድ ይበቃል። ይህ ባለሁለት በር መኪና እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው ከሱባሩ ቢአርዜድ ጋር መንታ ሆኖ ነው፤ የተሠራውም በጃፓን አገር፣ በጉንማ በሚገኘው የሱባሩ ፋብሪካ ነው። ክብደቱ 1,250 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን የሚገፋው በኋላ እግሩ ነው። በብዙ ገበያዎች ፋብሪካው የሰጠው ቸርኬ ዲያሜትሩ 17 ኢንች፣ ስፋቱ 7 ኢንች፣ ጎማውም 215/45 አር 17 ነበር። ጎማው ከዚህ ያልሰፋው በስስት አይደለም። ነጂው የመኪናውን ሚዛን በመጠነኛ ፍጥነት እንኳ በመሪውና በወንበሩ እንዲያውቀው ታስቦ ነው። ስለዚህ «የሰፋ ሁሉ ይሻላል» የሚለው አሳብ በዚህ መኪና ላይ ከመነሻው ዋጋ ያጣል።

አሁን አንድ ባለንብረት ከቶዮታ ሴሊካ የወለቁ አራት ያማሩ ቸርኬዎች ገዝቶ ወደ ጋራዥ መጣ እንበል። ገንዘቡን ከፍሏል። ምክንያቱም የሚናቅ አይደለም፦ መኪናው ቶዮታ፣ ቸርኬውም ቶዮታ፤ የብሎን ቀዳዳው በሁለቱም 5፣ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ዲያሜትርም በሁለቱም 100 ሚሊ ሜትር ነው። ከሩቅ ሲታይ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን የመኪናው ግንባር «ቶዮታ» ቢልም ሞዞው የሚናገረው በሱባሩ ቋንቋ ነው። የ86 ሞዞ ዲያሜትር 56.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2006 ዓ.ም. የተሠራው ሴሊካ ቸርኬ የመሃል ቀዳዳ ግን 54.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ይጎድላል። ቸርኬው በሞዞው ከንፈር ላይ ይቆማል እንጂ ወደ ማረፊያ ፊቱ አይደርስም።

የሙያው ፈተና የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ችኩል እጅ ዳዶውን አጥብቆ ቸርኬውን በግድ ሊያስገባው ይሞክራል። ቸርኬው ሞዞውን ጨብጦ የተቀመጠ ይመስላል፤ ፊትና ፊቱ ግን አልተገናኙም። መኪናው ጥቂት ከተጓዘ በኋላ ቸርኬው ቦታውን ሲይዝ ዳዶው ይላላል። ሌላው መንገድ ቀዳዳውን በቶርኖ ማስፋት ነው። ይህ ሊደረግ የሚችለው በቸርኬው መሃል በቂ ብረት ሲኖርና ቆራጩ ከቸርኬው እውነተኛ መሃል ሳይስት ሲሠራ ነው። መሃሉን በጥቂቱ የሳተ ቶርኖ ሲንቀጠቀጥ የሚኖር ቸርኬ ይሰጣል። የተገላቢጦሹም አለ። በገበያ ላይ የሚሸጡ ብዙ ቸርኬዎች ለልዩ ልዩ መኪና እንዲስማሙ ቀዳዳቸው ሰፍቶ፣ ለምሳሌ 73.1 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይሠራል። እንዲህ ያለውን በ86 ላይ ለማሠር በዙሪያው 8.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመሙያ ቀለበት ያስፈልጋል። ቀለበቱ ሸክም አይሸከምም፤ ሥራው ቸርኬውን መሃል ላይ ማስቀመጥ ነው። ሸክሙን የሚይዘው በዳዶው ጥብቀት የተነሣ ፊት ለፊት በተጣበቁት ሁለት ገጾች መካከል ያለው ሰበቃ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ዳዶው ራሱ ነው። የብዙዎቹ የቶዮታ መኪናዎች ብሎን ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱም እርምጃ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። የ86 ብሎን ውፍረቱ ያው 12 ቢሆንም የጥርሱ እርምጃ 1.25 ነው። ከሴሊካው ጋር የመጣው ዳዶ በዚህ ብሎን ላይ ጥቂት ዞሮ ይነክሳል። የነከሰውን ዳዶ በቁልፍ የገፋ ሰው «ጠበቀ» ይላል። የጠበቀው ግን ቸርኬው ሳይሆን የተበላሸው ጥርስ ነው። በዚህ ላይ ብዙዎቹ የቶዮታ ፋብሪካ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች የሚታሠሩት ጠፍጣፋ ማረፊያ ባለው ዳዶ ሲሆን፣ ከፋብሪካ ውጭ የሚሠሩት ቸርኬዎች አብዛኛውን ጊዜ 60 ዲግሪ ሾጣጣ ዳዶ ይፈልጋሉ። ሾጣጣ ዳዶ በጠፍጣፋ ማረፊያ ላይ ሲታሠር የሚነካው በቀጭን መሥመር ብቻ ነው። «ከአያያዝ ይቀደዳል» የተባለው ለጨርቅ ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው ጉዳይ ኦፍሴት የሚባለው ልክ ነው። ይህም ከቸርኬው ስፋት መካከለኛ መሥመር ተነሥቶ በሞዞው ላይ እስከሚያርፈው ፊት ድረስ ያለው ርቀት ነው። የ86 የፋብሪካ ቸርኬ ኦፍሴት 48 ሚሊ ሜትር ነው። ባለንብረቱ ስፋቱ 8 ኢንች፣ ኦፍሴቱ 45 የሆነ ቸርኬ ቢመርጥ፣ የአንድ ኢንች ጭማሪው ለሁለት ተከፍሎ በየወገኑ 12.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ኦፍሴቱ በ3 ስለ ቀነሰ የውጩ ጠርዝ 15.7 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል፤ የውስጡ ጠርዝ ደግሞ 9.7 ሚሊ ሜትር ወደ አሞርዛተሩ ይጠጋል። ይህ ለክቶ የሚፈቀድ ለውጥ ነው። በአንጻሩ ስፋቱ 8.5 ኢንች፣ ኦፍሴቱ 20 የሆነው ቸርኬ ውጩን 47 ሚሊ ሜትር ያህል ያስወጣዋል። ከጎን ሲያዩት ያምራል። ነገር ግን ጎማው ከፓራፋንጎው ጠርዝ ጋር ይጋጫል፤ የሸክሙ መሥመር 28 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ስለሚሸሽ ኩሽኔታው ያልታሰበለትን ጉልበት ይሸከማል፤ አንደኛው እግር ጉድጓድ ሲመታ ወይም ፍሬን ሳይስተካከል ሲይዝ መሪው ከነጂው እጅ ሊያመልጥ ይታገላል።

አራተኛው የጎማው ቁመት ነው። 215/45 አር 17 ጎማ ሙሉ ዲያሜትሩ 625.3 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ 18 ኢንች ቸርኬ የሚሻገር ሰው 225/40 ጎማ ቢያደርግ ዲያሜትሩ 637.2 ይሆናል፤ ይህም ከመቶ 1.9 ጭማሪ ስለሆነ ቆጣሪው 100 ሲያሳይ መኪናው ወደ 102 ኪሎ ሜትር ይበራል። 215/40 አር 18 ቢያደርግ ግን ዲያሜትሩ 629.2 ሆኖ ልዩነቱ ከመቶ 0.6 ብቻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የመኪናው ሁለተኛ ትውልድ ባለ 18 ኢንች ሆኖ ሲቀርብ የተመረጠለት ጎማ ይኸው መሆኑ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ደግሞም የጎማው ጎን ከ96.75 ወደ 86 ሚሊ ሜትር እንደሚወርድ መዘንጋት አይገባም። የጎማው ጎን የቸርኬው ትራስ ነው። ትራሱ የሳሳበት ቸርኬ በተቦረቦረ መንገድ ላይ ጠርዙ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል፤ አስፋልቱ ባልተስተካከለበት አገር የሚኖር ነጂ በ17 መቆየቱ ከድህነት ሊቆጠርበት አይገባም።

አምስተኛው ጥንካሬና ክብደት ነው። የቸርኬው ጀርባ እንደ መታወቂያ ወረቀት ይነበባል፤ ስፋቱ፣ ኦፍሴቱና የሚችለው ሸክም በዚያ ተቀርጸው ይገኛሉ። ሸክሙ ለአንድ አክስል ከተፈቀደው ሙሉ ክብደት ከግማሹ ማነስ የለበትም። በጃፓን «ጄ.ደብልዩ.ኤል.» የተባለው ምልክት ሠሪው የአገሩን የቴክኒክ ደረጃ ማሟላቱን ራሱ የሚያረጋግጥበት ሲሆን፣ «ቪ.አይ.ኤ.» የሚለው ደግሞ ገለልተኛ መርማሪ አካል ፈትሾ መመዝገቡን ያመለክታል። በጀርመን አገር ማረጋገጫ የሌለው ቸርኬ የታሠረበት መኪና በመንገድ ላይ የመንቀሳቀስ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። የታዋቂን ሠሪ መልክ ቀድቶ ያለ ምልክት የሚሸጥ ቸርኬ ዋጋው የሚረክሰው በአብዛኛው ከብረቱና ከምርመራው ተቀንሶ ነው። ስለ ክብደትም ቢሆን፣ በቸርኬው ዳር ያለ አንድ ኪሎ ግራም መኪናው ሲነሣና ሲቆም በአካሉ ላይ እንደ ተጫነ ሁለት ኪሎ ግራም ያህል ይቆጠራል፤ ስለሚሽከረከር ነው። ስለዚህ ትልቅና ከባድ ቸርኬ የታሠረበት ስፖርት መኪና በስሙ እንጂ በግብሩ ስፖርት መሆኑ ይቀንሳል።

እንግዲህ ጎማ ከመልበሱ በፊት ቸርኬው ባዶውን በሞዞው ላይ ይታሠር፤ በእጅ ይዙር፤ ክንዱ ካሊፐሩን አለመንካቱ ይታይ፤ ዲያሜትሩ 17 ሆኖ ሳለ በክንዱ ቅርጽ ብቻ ካሊፐሩን የሚመታ ቸርኬ አለና። ጎማው ከለበሰ በኋላ መሪው እስከ መጨረሻው ወዲያና ወዲህ ተጠምዝዞ፣ መኪናውም ሰው ጭኖ ይፈተሽ። ዳዶው በእጅ ይጀመር፤ በ1.25 ጥርስ ቢያንስ ወደ 10 ዙር ካልገባ ብሎኑ አጥሯል ማለት ነው። ከዚያም በኮከብ ቅርጽ እየተፈራረቀ፣ የመኪናው መመሪያ ባዘዘው ኃይል፣ በመለኪያ ቁልፍ ይጥበቅ። ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዘም በኋላ እንደገና ይፈተሽ።

ክቡራን አባላት፤

ባለንብረቱ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ቸርኬውን ይዞ፣ ተደስቶ በመጣበት ሰዓት «ይህ አይሆንም» ማለት ቀላል አይደለም። ደንበኛው ተቀይሞ ወደ ጎረቤት ጋራዥ ሊሄድ ይችላል፤ የዕለቱም ገቢ አብሮት ይሄዳል። ሆኖም ከመኪናው ተለይታ የምትሄድ ጎማ የምትመታው ቸርኬውን የመረጠውን ሰው ብቻ አይደለም። በመንገዱ ዳር የምትሄደው እናትና ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ ስለ 54.1 እና ስለ 56.1 የሚያውቁት ነገር የለም። ስለ እነርሱ የሚያውቅላቸው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ቁልፉን የያዘው ባለሙያ ነው። መልኩን ባለንብረቱ ይምረጥ፤ መብቱ ነውና። ልኩ ግን የባለሙያው አደራ ነው።