ግብር፣ ጠመንጃና የመኖሪያ ምርጫ



አንድ ሰው መኖሪያውን ሲመርጥ የቦታውን ግብርና የጦር መሣሪያ ሕግ ሊመዝን ይገባዋል ወይ? የዛሬው ጉዳዬ ይህ ነው። ሲሰሙት የባሕር ማዶ ሰው ጥያቄ ይመስላል። እኛ ዘንድ መኖሪያ የሚወሰነው በአባት መሬት፣ በጋብቻ፣ በሥራ ምደባ፣ ካለፈም በቤት ኪራይ ነው የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ይህ ጥያቄ የጎንደር ሕዝብ ለዘመናት ሲኖርበት የቆየ ጥያቄ ነው እላለሁ። የሰሜን ገበሬ ግብርንና ጠመንጃን ለያይቶ አያያቸውም። ማን ይጠብቀኛል? ለጥበቃውስ ለማን፣ ስንት እከፍላለሁ? ሁለቱም የሚያርፉት እዚህ ላይ ነው።

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ልጀምር፤ ከእናንተ መካከል እዚያ ወንድም ወይም አክስት ያለው ብዙ ነውና። እዚያ ታክሲ የሚነዳ ወገናችን በአንድ ቀን ሦስት የግብር ሥርዓትና ሦስት የመሣሪያ ሕግ ሲያቋርጥ ይውላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ቢከራይ የሜሪላንድ ነዋሪ ነው፤ ከግዛቱ የገቢ ግብር ሌላ አውራጃው የራሱን ይጨምርበታል፣ ሽጉጥ ልግዛ ቢል ደግሞ በ2013 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ሕግ መሠረት ሠልጥኖና አሻራ ሰጥቶ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ወንዙን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ቢገባ ቨርጂኒያ ነው፤ የመሣሪያ ሕጉ ከሁለቱ ጎረቤቶቹ ላላ ብሎ የቆየ ነው፣ ነገር ግን ለመኪናው በየዓመቱ የንብረት ግብር ይጠየቃል። ዋናው ከተማ ውስጥ ቢቀር መሣሪያውን ፖሊስ ዘንድ ማስመዝገብ ግዴታው ነው፤ ገቢው ከፍ ካለም ግብሩ ከጎረቤቶቹ ይበልጥበታል። ወደ ሰሜን ርቆ ኒው ሃምፕሸር ቢሄድ ደግሞ በደመወዝ ላይ የግዛት ግብር የለም፣ አጠቃላይ የሽያጭ ታክስ የለም፣ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ወዲህም ሽጉጥ ደብቆ ለመያዝ ፈቃድ አይጠየቅም። ይህን ሰምቶ የሚጎመጅ አለ። የዚያ ግዛት የቤት ግብር ግን በአሜሪካ ከፍተኛ ከሚባሉት ወገን ነው፤ ትምህርት ቤቱ በአብዛኛው የሚተዳደረው በዚያ ገንዘብ ነውና። ግብሩ ከደመወዙ ላይ ተነሥቶ ቤቱ ላይ አረፈ እንጂ አልጠፋም።

ቻርልስ ቲቦ የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1956 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ይህን ነገር በንድፈ ሐሳብ አስቀምጦታል። ሰዎች ግብሩና አገልግሎቱ የሚስማማቸውን ከተማ መርጠው ይሰፍራሉ፤ በዚህም አስተዳደሮች ነዋሪው የሚፈልገውን ያውቃሉ ይላል። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ የቆመው ግን ሰው ያለ ኪሳራ ተነሥቶ መሄድ ይችላል በሚል ግምት ላይ ነው። ያንን ግምት ወደ ሰሜን ጎንደሮቹ ጃናሞራ ወይም ዳባት ብናመጣው አይቆምም። የገበሬው ሀብት መሬቱ ነው፣ መሬት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አይሸጥም፣ አይለወጥም። ከብቱን ሸጦ ከተማ ሊገባ ይችላል፤ መሬቱን ግን በእኩል ወይም በኪራይ ለሌላ ሰጥቶ፣ ድንበሩ ተገፋ አልተገፋ እያለ ሲብሰለሰል ይከርማል። አንቀጽ 32 በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመኖር መብት ሰጥቶታል። መብቱ አለ፤ አቅሙ የለም። ስለዚህ ቀድሞ የሚለቀው ደመወዝተኛው፣ ነጋዴውና የተማረው ልጅ ነው። መሬት ያሰረው ይቀራል። የቀረውም ጠመንጃ ይገዛል።

ይህ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በዘመነ መሳፍንት ገበሬውን ያደኸየው ዋናው ግብር ልኩ የታወቀው አልነበረም፤ ወታደር ቤቱ ገብቶ፣ በጉን አርዶ፣ ማሩን ጨርሶ፣ ሚስቱን ሌሊት አስፈጭቶ የሚሄደው ነበር። ጦር በሚያልፍበት መንገድ ዳር መኖር ራሱ ዕዳ ሆነ፣ ሰውም ከመንገድ ዳር እየሸሸ ራቀ። ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚወርደው ነጋዴ በየኬላው ቀረጥ ይከፍል ስለነበር መንገዱን የሚመርጠው በኬላውና በሽፍታው ብዛት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ገብቷቸው ወታደሩን በደመወዝ ሊያሳድሩ ሞከሩ፤ ለዚያ የሚሆነውን ገንዘብ ሲፈልጉ በመሬት ጉዳይ ከቤተ ክህነት ጋር ተጋጩ። መጨረሻው መራራ ነው። በ1859 ዓ.ም. ከተማችንን ጎንደርን የዘረፋትና ያቃጠላት የራሳቸው ጦር ነው፤ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ በተረፈው ላይ እሳት ለቀቀ። ዐፄ ምኒልክ በክፉ ቀን ማግስት ዐሥራት ሲደነግጉ ዓላማው ወታደሩ ከመንግሥት ጎተራ እንዲቀለብና ከገበሬው ቤት እንዲወጣ ነበር። አሠራሩ እንደ ታሰበው ሁሉ አልሄደም፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር። ገበሬው የታወቀ ግብር ከፍሎ ካልታወቀው እንዲድን የሚያደርግ ነውና።

ከሁሉ በላይ ልቆምበት የምፈልገው የጎጃሙ ዐመፅ ነው፤ ግብርና ጠመንጃ በአንድ ጊዜ የመጡበት ነውና። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በወጡት የመሬት ግብር ሕጎች ጎጃም፣ ቤጌምድርና ትግራይ መሬታቸው ሳይለካ የቀድሞውን ቁርጥ ግብር እየከፈሉ እንዲቀጥሉ ተደርጎ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲወጣ ምርቱን ለመገመት ገማች እማሳው ላይ መድረስ ነበረበት። የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ «ነገ መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊወሰድ ነው» ብሎ ተነሣ። በደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴ ይመራ የነበረው የጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደር ደግሞ ጠመንጃ እንዲመዘገብ ያዝ ነበር። ገበሬው ሁለቱን ትእዛዝ አንድ አድርጎ አነበባቸው፤ መሬቴን የሚገምት መንግሥት ጠመንጃዬን የሚቆጥረው እንዳልከራከረው ነው አለ። ገማቾቹ ተባረሩ፣ ተኩስ ተከፈተ፣ አውሮፕላን በመንደር ላይ ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ገዢው ከሥልጣን ተነሡ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጎጃም ወረዱ፣ ለዓመታት የተጠራቀመ ውዝፍ ግብር ተሰረዘ፣ ዐዋጁም በዚያ አገር ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የግብር ጥላቻ አድርጎ ይተርከዋል። አልስማማም። ያ ገበሬ ግብር ይከፍል ነበር፤ ከእርሱ አስቀድሞ አባቱና አያቱ ከፍለዋል። ያስቆጣው የሚከፍለው ለምን እንደሆነ ሳይነገረው፣ የሚከራከርበት መንገድ ሳይበጅለት፣ የመጨረሻ መተማመኛው በመዝገብ እንዲገባ መጠየቁ ነው። ያለ ጥበቃ ግብር፣ ያለ ዋስትና ምዝገባ ሲመጣበት ተኮሰ።

የዛሬው ሕግ ምን ይላል? ግብሩን ፈጥኜ ልለፍ፤ ቦታ ለመምረጥ የሚያግዝ ልዩነት ብዙ የለበትምና። ክልሎች በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 የራሳቸው የግብር ሥልጣን ቢኖራቸውም የደመወዝ ግብሩ ተመን ጎንደርም ሐዋሳም ያው ነው። በዐዋጅ ቁጥር 1395/2017 በወር እስከ 2,000 ብር የሚያገኝ ነፃ ሆኗል፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ላይ 35 በመቶ ይቆረጣል። ነጋዴው ሱቁን የት ልክፈት ብሎ ሲያወጣ ሲያወርድ የሚያነሣው ተመኑን ሳይሆን ግምቱን ነው፤ በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ የነበረውን ጩኸት የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ግብር ዐዋጅ ግን ልዩነት ያመጣል፤ ከተሞች ቤትንና የመሬት ይዞታን እየገመቱ ግብር የሚሰበስቡበት ነውና። ወደዚህ እመለሳለሁ።

መሣሪያን በተመለከተ አገሪቱ ራሱን የቻለ የአስተዳደርና ቁጥጥር ሕግ ያወጣችው በ2012 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1177 ነው። ዐዋጁ ያለ ፈቃድ መያዝን፣ መነገድንና ማዘዋወርን ከልክሎ፣ ቁጥጥሩን ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቶ፣ መሣሪያ መያዝ ልማድ በሆነባቸው አካባቢዎች ላሉ ሰዎች የፈቃድ በር ከፈተ። በወረቀት ላይ ሚዛናዊ ነው። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ጦርነት መጣ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጠመንጃውን ይዞ ወደ መዝጋቢ የሚሄድ ገበሬ ከየት ይመጣል?

ጠመንጃ በዚህ አገር ያለውን ክብር አላጣጥልም። አባቶቻችን በውጅግራና በምንሽር አገር ጠብቀዋል፤ ዛሬም ክላሽ በሠርግ ይተኮሳል፣ በለቅሶ ይተኮሳል፣ ያለ እርሱ ቀረርቶ ጎደሎ የሚመስለው ብዙ ነው። ደመኛ ያለበት ሰውም ያለ መሣሪያ ገበያ አይወጣም። ይሁን እንጂ ዕዳውን በሐቅ እንቁጠረው። አንድ ክላሽ ለመግዛት የጥንድ በሬ ዋጋ አይበቃም። ጥይቱ አለ፤ በፈረቃ ነቅቶ ማደሩ አለ። በዱላ ተጀምሮ በሽማግሌ ያልቅ የነበረው የድንበር ጠብ በአንድ ተኩስ ደም ይሆናል፣ ከዚያ ደም ማድረቁ ዓመታት ይፈጃል፣ ካሣው ቤት ይፈታል። እኔ ስለታጠቅሁ ብቻ አልጠበቅም፤ ጎረቤቴም ታጥቋልና።

ከዚህ ሁሉ በላይ እገታው አለ። በዚህ ከተማና በዙሪያዋ ልጁን ወይም አባቱን ለማስለቀቅ ከብቱን የሸጠ፣ ሱቁን የዘጋ፣ ከዘመድ የለመነ ቤተሰብ ስንት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ እጀባ የሚጠበቅበት ሆኖ ቆይቷል። ለአጋች የሚከፈለው ገንዘብ ደረሰኝ የሌለው፣ ተመን የሌለው፣ ይግባኝ የማይባልበት ግብር ነው። ዘመነ መሳፍንት ገበሬው ቤት ያስገባው ወታደር በሌላ መልክ ተመልሷል።

ስለዚህ መኖሪያ ስትመርጡ፣ በተለይ እናንተ በቅርቡ የምትመረቁ፣ የግብሩን ተመን ብቻ አትዩ፤ መሣሪያ እንደ ልብ የሚያዝበትን ቦታም ነፃነት ያለበት ነው ብላችሁ አትሂዱ። ለመንግሥት የሚከፈለውን፣ ለጠመንጃና ለጥይት የሚወጣውን፣ ለእገታ የሚከፈለውንና ከፍርሃት የተነሣ የሚቀረውን ሥራ በአንድ ላይ ደምሩ። ከመሸ በኋላ ነፍሰ ጡር ወደ ሆስፒታል የምትደርስበት መንገድ አለ? ግብር የከፈለ ሰው ደረሰኝ ይዞ ቅሬታውን የሚሰማለት ያገኛል? ከፍተኛ ግብር እየከፈሉ እነዚህን የሚያገኙበት ቦታ፣ ዝቅተኛ ግብር ተከፍሎበት ሌሊቱን በጠመንጃ ከሚጠበቅበት ቦታ ይረክሳል። ይህን የምለው ለቀው ለሚሄዱት ብቻ አይደለም። ደባርቅ፣ ጃናሞራና ዳባት ለሚቀሩት ወገኖቻችን ይህ ድምር የሚቀንስበትን መንገድ ካላሰብን፣ የኛ መምረጥ የእነርሱን ሸክም የሚያከብድ ይሆናል።

ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ሰላም ሲወርድ የሚደረገው የመሣሪያ ምዝገባ ከማስፈታት ዘመቻ ተለይቶ ይሁን። በቀበሌው ሽማግሌዎች ፊት ይካሄድ፤ ያስመዘገበ ሰው ደረሰኝና የመጠየቅ መብት ይኑረው፤ መንገዱና ገበያው አስቀድሞ ይጠበቅ። የ1960ውን ስሕተት የምንደግመው ቅደም ተከተሉን ካዛባን ነው። ሁለተኛ፣ የከተማችን አስተዳደር የንብረት ግብር የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ለቤት ባለቤቶች ከማደሉ በፊት፣ ከየቀበሌው ምን ያህል እንደሚሰበሰብና ለየትኛው መንገድ፣ ለየትኛው መብራት፣ ለየትኛው የጥበቃ ሥራ እንደሚውል በግልጽ ይለጥፍ፤ ዓመቱ ሲያልቅም የተሠራውን በዚያው ሰሌዳ ያሳውቅ። የግምት ቅሬታ የሚሰማ አካልም ግምቱን ካወጡት ሰዎች የተለየ ይሁን። ይህን ሁለተኛውን ለከተማው ምክር ቤት በጽሑፍ ለማቅረብ ረቂቅ አዘጋጅቼ ይዤ መጥቻለሁ። ሕግና ምጣኔ ሀብት የምታጠኑ ተማሪዎች አንቀጹን እንድታርሙት፣ ሽማግሌዎቻችንም የጎደለውን እንድትሞሉበት ከውይይቱ በኋላ አብረን እናነበዋለን።