ለተከራይ መምህር የሚሆን የፍሬ ዛፍ



መምህር በተከራየው ቤት ጓሮ ጎመንና ሰላጣ ሲተክል ይታያል፤ የፍሬ ዛፍ ሲተክል ግን እምብዛም አይታይም። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ጎመን በጥቂት ወራት ለወጥ ይደርሳል፤ ከዘር የበቀለ ሎሚ ወይም ብርቱካን ግን ብዙ ዓመት ያስጠብቃል። በዚህ መካከል የዝውውር ደብዳቤ ይመጣል፤ ዛፉም ለአከራዩ ይቀራል። እንዲህ ሆኖ ስንቱ መምህር ስለ ተክል ሲያስተምር ኖሮ፥ አንድ ዛፍ ሳይተክል ጡረታ ይወጣል!

ለዚህ የሚበጀው ዛፉን በዕቃ መትከል ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። በፈረንሳይ አገር በቬርሳይ ቤተ መንግሥት፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1684 እስከ 1686 ዓ.ም. በተሠራው የብርቱካን ቤት፥ ዛፎቹ በእንጨት ሣጥን ተተክለው በብርድ ወራት ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ሙቀት ሲመጣ ይወጣሉ። ለንጉሥ የተደረገው ለመምህርም ይሆናል፤ የሚለየው ሣጥኑ ብቻ ነው።

200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ለሁለት ቢቆረጥ ሁለት ዛፍ ያኖራል፤ መርዝ ወይም ኬሚካል የነበረበት ግን አይነካ። ይሁን እንጂ ርጥብ አፈር የሞላው ግማሽ በርሜል ከ100 ኪሎ ስለሚበልጥ፥ ዝውውር የሚጠብቅ ሰው 40 ሊትር ያህል የሚይዝ ዕቃ ቢመርጥ ይሻለዋል። ዛፉ አነስ ይላል፤ ነገር ግን ሁለት ሰው ያነሣዋል።

የዕቃው ሥር በብዙ ቦታ ይበሳ፤ ውሃው እንዲወርድም በጡብ ላይ ይቀመጥ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሥሩ በውሃ ብዛት የበሰበሰ ዛፍ ቅጠሉ እንደ ተጠማ ዛፍ ይጠወልጋል፤ ባለቤቱም አዝኖ ውሃ ይጨምርለታል፤ በርኅራኄው ይገድለዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ጣትን አፈሩ ውስጥ አግብቶ ርጥበቱን መመርመር ይገባል። መረሬ አፈር ሲርስ የሚያብጥ፥ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ በመሆኑ ብቻውን አይበጅም፤ ከበሰበሰ ፍግና ከአሸዋ ጋር ይደባለቅ።

ችግኙም ከሚያፈራ ዛፍ ቅርንጫፍ ተወስዶ በሌላ ግንድ ላይ የተዳቀለ ቢሆን፥ ፍሬው ፈጥኖ ይደርሳል። አቮካዶ ግን ለዕቃ እጅግ ይገዝፋል።

ደብዳቤው ሲመጣ፥ ክብደቱ እንዲቀንስ በጉዞው ዋዜማ ዛፉ ውሃ አይጠጣ፤ የመኪናው ነፋስ እንዳያደርቀውም ቅጠሉ በጆንያ ይሸፈን። በአዲሱ ጓሮ አንድ ሳምንት በጥላ ሰንብቶ ወደ ፀሐይ ይወጣል።