ጃንጥላ በያዘ ሰው አንሳቅ
(በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ የተደረገ ንግግር)

ዕድራችን ለቀብር ቢቋቋምም፣ የቀባሪውም ጤና ይመለከተናልና ዛሬ ስለ ፀሐይ ጥቂት እንነጋገር።

«ፀሐይ የሀበሻን ቆዳ ምን ታደርገዋለች?» እንላለን። እርግጥ ነው፣ ሜላኒን የተባለው የቆዳችን ቀለም ከጎጂው ጨረር ብዙውን ይከላከልልናል። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ግን ይህ ቀለም የላቸውም፤ ቢኖራቸውም እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ፀሐይ ቶሎ ትለበልባቸዋለች፤ ውሎ አድሮም ለቆዳ ነቀርሳ ትዳርጋቸዋለች። አዲስ አበባችን ደግሞ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፣ አየሩ ቢቀዘቅዝም ጨረሩ ብርቱ ነው።

ታዲያ እኛስ? ጎረምሳው ጃንጥላ ሲዘረጋ «ይሄ ደግሞ ወይዘሮ ሆነ እንዴ?» ብለን እንስቃለን። እሱም አፍሮ ያጥፈዋል፤ ቆዳው ይቃጠላል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ፦ ለቅሶ ላይ ባርኔጣህን አውልቅ ብለን አንቆጣቸው። በቀብር ሥነ ሥርዓት ጥላ ያለበትን ቦታ እንልቀቅላቸው። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ባርኔጣና እጅጌው ረዥም ልብስ እንዲፈቀድላቸው አብረን እንጠይቅ። ለሳምንታት ያልዳነ ቁስል ካየን «ይድናል» ሳንል ወደ ሐኪም እንውሰዳቸው፤ በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኛው ይድናል።

ወገንን ከመቅበር ማዳን ይሻላል።