ያለፉትን ስናስብ ያሉትን እንጠብቅ



ዛሬ በአርባ ምንጭ የተሰበሰብነው በመሬት መንቀጥቀጥ የተጎዱትን ወገኖቻችንን ለማሰብ ነው። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴ ፈረሰች፤ ካራቆሬም ክፉኛ ተጎዳች። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በአፋር ሰርዶ ፈርሳ ሰዎች ሞቱ። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በጥቅምት 1980 ዓ.ም. በቀድሞው ጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ደቡባዊ ክፍል መጠኑ ከ6 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ደርሶ ነበር።

አባያና ጫሞ የተኙበት ስምጥ ሸለቆ የተፈጠረው መሬት ቀስ በቀስ እየተለያየች ስለ ሄደች ነው፤ ዛሬም አላቆመችም። መንቀጥቀጥ የሚመጣበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ የሚናገር ባለሙያ የለም። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ ሰው የሚገድለው የሚወድቀው ቤት ነው፤ ቤቱን ደግሞ የምንሠራው እኛው ነን።

በጨንቻ ደጋ የዶርዜ አባቶች ከቀርከሃ ጠልፈው የሚሠሩት ቤት ቀላልና ተለማጭ ነው። ከተማችን ግን በብሎኬትና በኮንክሪት እያደገች ነው። ከባድ ቤት የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። አገራችን መንቀጥቀጥን የሚመለከት የሕንፃ ደንብ አላት፤ ደንቡ ግን ከግንበኛው እጅ ካልደረሰ ማንንም አያድንም። የምሰሶውን ብረት ብንቀንስ፣ ሲሚንቶ አሳንሰን አሸዋ ብናበዛ፣ የቆጠብነው ገንዘብ በልጆቻችን ላይ ዕዳ ይሆናል።

መንቀጥቀጥ ገደልንም ይንዳል። የናዳን ክፋት ከጎረቤታችን ከጎፋ አይተናል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ ከዝናብ በኋላ በተከሰተው ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ አስቀድመው የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። እንግዲህ ለእርዳታ ስንሮጥ፣ ከላይ ያለውን ገደል የሚመለከት ሰው እናቁም።

በጥር 2008 ዓ.ም. ሐዋሳ በተናወጠች ጊዜ ተማሪዎች ሲሸሹ ተጎድተዋል። ስለዚህ ልጆቻችንን እናስተምር፤ ቤት ውስጥ ሳሉ መሬት ቢናወጥ ወደ ደረጃ አይሩጡ፤ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብተው ራሳቸውን ይሸፍኑ። ቁምሳጥኑንም ከግድግዳ ጋር አጥብቀን እንሰር።

ወገኖች ሆይ፤ ከአደጋ በኋላ ብርድ ልብስና ድንኳን ይዞ መድረስ መልካም ነው፤ ይህንም ስታደርጉ ኖራችኋል። ቤቱ ሳይወድቅ መድረስ ግን ይበልጣል። አንድ ግንበኛ ሥራውን በሚገባ እንዲማር ብንረዳ፣ በእጁ በሚሠራው ቤት ሁሉ የሚያድሩትን ረዳን ማለት ነው። ለሞቱት ያለን ፍቅር በዚህ ይታወቅ።