«አዎ፣ አላየሁም»፦ ለይግባኝ ችሎት ስንዘጋጅ



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው እዚህ እንግሊዝ አገር ጥገኝነት ጠይቀው ከሆም ኦፊስ እምቢታ የደረሳቸውን እህቶች ለይግባኝ ችሎት ስናዘጋጅ ምን እንደምንሠራ ነው። በማንሠራው እንጀምር። የሕግ ምክር አንሰጥም። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሕግ መሠረት ፈቃድ የሌለው ሰው የኢሚግሬሽን ምክር ቢሰጥ ወንጀል ነው፤ ቡና ላይ «ጉዳይሽን እኔ እጨርስልሻለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ፈቃዱን ጠይቁት። ታሪክም አናስጠናም። የሌላ ሴት ታሪክ ተውሳ የቀረበች እህት የራሷም እውነት ሳይታመንላት ይቀራል።

የእምቢታው ደብዳቤ ከተላከላት ጀምሮ ይግባኝ ለማስገባት ያላት 14 ቀን ብቻ ነው። ለዘመድ ደውሎ ለማልቀስ ብቻ አንድ ሳምንት ይሄዳል፤ ስለዚህ ለጠበቃ በዚያው ቀን ትደውል። ገንዘብ ለሌላት ሊጋል ኤይድ አለ፤ ጠበቃው ጉዳዩ ተስፋ እንዳለው ማየት አለበት።

አብዛኛውን ጊዜያችንን የሚወስደው የቀን ጉዳይ ነው። አንዲት እህት «በጥቅምት 2008 ታሰርኩ፣ በየካቲት 2008 ተፈታሁ» ብትል እኛ ወዲያው ይገባናል፤ አራት ወር ታስራለች። በፈረንጆቹ ግን ጥቅምት 2008 ማለት ኦክቶበር 2015 ነው፣ የካቲቱ ደግሞ ፌብሩዋሪ 2016። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 የሚደመረው 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። አስተርጓሚው ቸኩሎ በሁለቱም ላይ 8 ከደመረ ሴትዮዋ ከመታሰሯ በፊት የተፈታች ሆና ትገኛለች። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት መጡብኝ» ያለችው እዚህ ከሌሊቱ 2 ሰዓት መባል አለበት። ስለዚህ ከእህታችን ጋር ተቀምጠን መጀመሪያ በራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን፣ በጥምቀት፣ በፋሲካ፣ በዒድ፣ በክረምቱ መግቢያ እያስታወስን። ከዚያ የፈረንጁን ከጎኑ እናደርግና ለጠበቃዋ እንሰጣለን። ቀኑ ከጠፋባት «ቀኑን አላስታውስም፣ ከፋሲካ በኋላ ነበር» ማለት ትችላለች። ለማስደሰት ብላ ቀን መፍጠር የለባትም።

ቀጥሎ የዘመድ ስም ነው። እኛ የአጎታችንን ልጅ «ወንድሜ» እንላለን። በቃለ መጠይቁ «አንድ ወንድም ብቻ አለኝ» ያለች ሴት ችሎት ላይ «ሌላው ወንድሜ ደበቀኝ» ስትል የሆም ኦፊስ ተወካይ ያንኑ ይዞ ይጠይቃታል። ለዚህ ነው የቃለ መጠይቁን ቅጂ አብረናት ቃል በቃል የምናነበው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ «አዎ» የምትለዋን ቃል ነው። «ሰውየውን አላየሽውም?» ስንባል «አዎ» ብለን እንመልሳለን፣ አላየሁትም ማለታችን ነው። በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ «የስ» ሲባል ግን አይታዋለች ተብሎ ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ «አዎ» ብላ እንዳታቆም፣ «አዎ፣ አላየሁትም» ብላ እንድትጨርስ እናለማምዳለን። በአክብሮት «እሺ፣ እሺ» እያሉ ራስን መነቅነቅም እንዲሁ ሳይገባት የተስማማች ያስመስላታል። አስተርጓሚ የሚያቀርበው ትሪቡናሉ ነው፤ ክፍያ የለውም። ዳኛው መጀመሪያ ላይ ተግባብታችኋል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ካልተግባባች መናገር ያለባት ያኔ ነው። ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ አፏን የፈታችበት ሆኖ ሳለ «አማርኛም ይሆናል» ብላ ፎርም የሞላች እህት ካለች አስቀድማ ታስለውጥ።

የሴቶች ማኅበር በመሆናችን የምንሰማው ሌላ ነገር አለ። በእስር ቤት ወይም በመንገድ ላይ የተደፈረች እህት አስተርጓሚው ወንድ፣ ምናልባትም የአገሯ ልጅ ስለነበር በቃለ መጠይቁ ዝም ብላለች። በችሎት ስታነሣው «ለምን ያኔ አልተናገርሽም?» ትባላለች። መልሱ እውነተኛ ነው፣ ግን ለጠበቃዋ ቀድማ ትንገረው፤ በጽሑፍ ቃሏ ውስጥ ይግባ፣ የሐኪም ማስረጃም ካለ ይያያዝ። ዳኛዋም አስተርጓሚዋም ሴት እንዲሆኑ፣ በመካከሉ እረፍት እንዲኖር መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄው በቶሎ መቅረብ አለበት፤ በዕለቱ ጠዋት ሲሉት ሰው አይገኝም።

ከቀጠሮው በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ወንበር ደርድረን ክፍሉን እናሳያለን፦ ዳኛው ፊት ለፊት፣ ተወካዩ በአንድ ወገን፣ ጠበቃዋ በሌላው፣ አስተርጓሚው ከእሷ አጠገብ። ዊግ የሚያደርግ የለም፤ ይህን ሲሰሙ ብዙዎቹ ትንፋሽ ይመለስላቸዋል። አንገት ደፍቶ መናገር ለእኛ ጨዋነት ነው፣ ግን ድምፅ ካልተሰማ አስተርጓሚው የሚተረጉመው ያጣል።

ውሳኔው አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ አይነገርም፤ በጽሑፍ ይመጣል። ካልተሳካ ወደ ላይኛው ትሪቡናል ለመሄድ ፈቃድ መጠየቂያው እንደገና 14 ቀን ነው፣ ያውም ዳኛው የሕግ ስሕተት ከሠሩ ብቻ። በመካከሉ ያለው ጥበቃ ከባድ ስለሆነ በየሳምንቱ ተራ ገብተን እንጠይቃታለን።

ለደጋፊዎቻችን የምንለው ይህን ነው። እናንተ የምትሰጡት ገንዘብ አብራት ለምትሄደው እህት የባቡር ትኬት ይሆናል፤ ከሁሉ በላይ ግን ልጅ ለሚጠብቅ ሰው እንፈልገዋለን። አንዲት እናት የደረሰባትን ሁሉ ልጇ አጠገቧ ተቀምጦ እየሰማ መናገር አትችልም። በችሎት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ልጅ መያዝ የምትችሉ አባላት ስማችሁን በሩ አጠገብ ባለው መዝገብ ላይ ጻፉልን። ትግርኛና ኦሮምኛ የምትችሉ ደግሞ ከስማችሁ ጎን ጨምሩበት።