መሸነፍም ትምህርት ነው፦ ታዳጊዎችን ስለ መንግሥት በተግባር ማስተማር



ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የመጀመሪያ ዓመት ክፍል ስለ ሦስቱ የመንግሥት አካላት ፈተና ሰጥቼ ነበር። አብዛኞቹ ሕግ አውጪውን፣ ሕግ አስፈጻሚውንና ሕግ ተርጓሚውን ከነሥልጣናቸው ዘርዝረው ጻፉ። በማግስቱ የክፍል ተጠሪ ምረጡ ስላቸው ግን ዝም አሉ። በመጨረሻ አንዱ ተነሥቶ «መምህር፣ እርስዎ ይሹሙልን» አለኝ። ጊዜ አጥሮኝ ነበርና ሾምኩላቸው። ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ስሕተቴ ነው።

በአሜሪካ «ቦይስ ስቴት» የሚባል የዕረፍት ወቅት መርሐ ግብር አለ። አሜሪካን ሊጅን የተባለው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1935 በኢሊኖይ ጀመረው፤ የልጃገረዶቹ «ገርልስ ስቴት» ጥቂት ቆይቶ ተከተለ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለአንድ ሳምንት ያህል ተሰባስበው በሁለት ፓርቲዎች ይደለደላሉ። የፓርቲውን አቋም የሚጽፉት ራሳቸው ናቸው። ከዚያም በረቂቅ ሕግ ላይ ይከራከራሉ፤ አገረ ገዥም ይመርጣሉ።

እ.ኤ.አ. በ2017 በቴክሳስ የተሰበሰቡት ልጆች ግዛታቸው ከአሜሪካ እንድትገነጠል ድምፅ ሰጡ። በእውነተኛ ምክር ቤት እንዲህ ያለ ውሳኔ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። በዚያ ግን ሳምንቱ ሲያበቃ ውሳኔውም አበቃ። የመርሐ ግብሩ ትልቁ ዋጋ ለእኔ ይህ ነው፤ መሳሳት ብዙ በማያስከፍልበት ቦታ መሳሳት። ሌላም አለ፤ አገረ ገዥ የሚሆነው አንድ ብቻ ነው። የቀሩት እጩዎች መሸነፍን፣ ተሸንፎም በአሸናፊው ሥር አብሮ መሥራትን ይማራሉ። ይህን የትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ አይሰጥም።

እርግጥ ነው፣ የሰው ሥርዓት እንዳለ አይቀዳም። የምርጫ ፉክክር ብቻውን ከሆነም ከአስተዳደር ይልቅ ማሸነፍን ሊያስተምር ይችላል። ለእኛ መነሻ የሚሆን ግን በየሰፈራችን አለ። እድር ዳኛና ጸሐፊ ይመርጣል፣ መተዳደሪያ ደንብ ያወጣል፣ ገንዘቡን ይቆጣጠራል፣ ደንብ የጣሰውን ይቀጣል። በክረምቱ ዕረፍት ታዳጊዎች የራሳቸውን ደንብ አርቅቀው፣ ጥቂት ገንዘብ ተሰጥቷቸው፣ አንድ የትምህርት ቤት ችግር እንዲፈቱ ብናደርግ ውድ ካምፕ አያስፈልገንም። የሚያስፈልገው ውሳኔያቸው ባይጥመንም እንዲጸና የሚፈቅድ መምህር ነው።

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት የሞላውን ዜጋ የመምረጥ መብት ይሰጠዋል። ልምምዱን ግን ልንሰጠው የሚገባን እኛ ነን፤ ያውም ከዚያ ዕድሜ በፊት።

ወደፊት ተማሪዎቼ «ይሹሙልን» ቢሉኝ መልሴ አንድ ነው፦ «እናንተ እስክትስማሙ እጠብቃለሁ።»