ልጆቻችን ሌላ ማኅበር ሲያቋቁሙ
(በኮሙኒቲያችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተማርኩ፣ ኢስሊ ሱቅ ውስጥ የምውል ሰው ነኝ። ስለ ዩኒቨርሲቲ ለመናገር መነሣቴ ያስገርማችሁ ይሆናል። ሆኖም እዚህ ናይሮቢ የሚማሩ አንዳንድ ሴት ልጆቻችን ከነባሩ የሴት ተማሪዎች ማኅበር ወጥተው ሌላ ሊያቋቁሙ ነው። ነባሩ በዓልና ምረቃ ያከብራል፤ እነሱ ደግሞ ለስደተኛ ልጃገረዶች የማታ ትምህርት እንስጥ ይላሉ። በየቤቱም «ሊከፋፍሉን ነው» የሚል ወሬ በዝቷል።

ትልቋ ልጄ ዋሽንግተን ስትማር ያጫወተችኝን ላካፍላችሁ። አሜሪካ ሶሮሪቲ የሚባል የሴት ተማሪዎች የእህትማማችነት ማኅበር አለ። አባልነቱ ከምረቃ በኋላም ይቀጥላል። ስማቸው በግሪክ ፊደል ነው፤ የእኛ ፊደል ባማረበት ነበር! በጥቁር ሴቶች የተመሠረተው የመጀመሪያው፣ አልፋ ካፓ አልፋ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። አምስት ዓመት እንደሆነው አባላቱ አልተስማሙም። ገሚሶቹ ስሙም አርማውም ይለወጥ፣ ማኅበሩም ወደ አደባባይ ይውጣ አሉ። ሌሎቹ እምቢ አሉ። በጃንዋሪ 1913 ሃያ ሁለቱ ዴልታ ሲግማ ቴታን መሠረቱ። ነባሮቹም በዚያው ወር ማኅበራቸውን በሕግ አስመዘገቡ። አዲሶቹ ሁለት ወር ሳይሞላቸው፣ ማርች 3 ቀን፣ ለሴቶች የመምረጥ መብት በተደረገው የዋሽንግተን ሰልፍ ላይ ወጡ።

በ1920 እና በ1922 ሁለት ሌሎች ተጨመሩ። ፉክክሩ እስከ ዛሬ አለ፤ የአንዱ አባል የሌላው መሆን አትችልም። ግን በ1930 እዚያው ሀዋርድ የጋራ ምክር ቤት ተቋቋመ። ዛሬ የወንዶቹን ጨምሮ ዘጠኝ ማኅበራት በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡበታል። በ1968 ለኮንግረስ የተመረጠችው የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሸርሊ ቺዝም የዴልታ አባል ነበረች፤ ምክትል ፕሬዚደንት የነበረችው ካማላ ሃሪስ የአልፋ ካፓ አልፋ አባል ናት። ሁለቱም ቤት ሰው አፍርቷል።

እኛ ነጋዴዎች ይህን እናውቀዋለን። በርበሬ የሚሸጥ ሱቅ ሦስት አራት ሲሆን ገዢው ከሩቅ ይመጣል። የሚያጣላው የጎረቤትን ደንበኛ ከደጁ ላይ መጥራት ነው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ማኅበሩን ከማስመዝገባችሁ በፊት ሄዳችሁ ለነባሮቹ ንገሯቸው። ከሰው አፍ አይስሙት። ተመሳሳይ ስም አትያዙ፤ በስብሰባቸው ቀን ስብሰባ አትጥሩ፤ አባል ፍለጋ አዳራሻቸው በር ላይ አትቁሙ። ነባሮቹም ብትሆኑ፣ ትናንት ከአዲስ አበባ የመጣችን ልጅ «እኛን ወይስ እነሱን?» ብላችሁ አታስጨንቋት። እሷ የምትፈልገው መጀመሪያ ማደሪያ ነው። ወላጆች ደግሞ የልጆቹን ጭቅጭቅ ወደ እድራችን አናምጣው።

ሁለቱም ወገን ሦስት ሦስት ሰው ይምረጡና በሚመጣው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ይምጡ። የዓመቱን የዝግጅት ቀኖች እዚያው ይከፋፈሉ። ቡናው በእኔ ነው።